ሁለት ጨረቃ ባለው ጌም ግርዶሽ በስንት ቀን ይምጣ?

ጥያቄው አጠር ሲል ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ፋንታሲ ጌም እየሠራን ነው። ዓለሙ ሁለት ጨረቃ አለው፤ ትልቋ ቀይ፣ ትንሿ ነጭ። ፀሐይ ስትጋረድ የጋኔኖች በር ይከፈታል። የቀኑን ርዝመት ከስካይሪም ጌም ወስደን 72 ደቂቃ አድርገነዋል። ግርዶሹ በየ10 ቀኑ ይመጣል። የሞከረልን ልጅ ግን ‹ሰማያችሁ ውሸታም ነው› አለን። ዘንዶ በሚበርበት ጌም ሰማዩ እውነት መሆን አለበት እንዴ? ግርዶሽስ በስንት ቀን ቢመጣ ነው የሚያምረው? ጨረቃዎቹ እርስ በርስ መጋረድ ይችላሉ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ ይችላሉ፤ በጣምም ያምራል። ሰማያችሁ የእኛን ሰማይ መምሰል የለበትም። ለራሱ ሕግ ግን መታዘዝ አለበት። የሞከረላችሁ ልጅ የሥነ ፈለክ ትምህርት የተማረ አይመስለኝም። የሆነ ነገር እንዳልገጠመለት ግን ዓይኑ ነግሮታል። ምን እንደሆነ ልገምት፦ ከግርዶሹ በፊት በነበረው ሌሊት ቀይዋ ጨረቃ ሙሉ ሆና ታይታለች። በማግስቱ ቀን ፀሐይ ፊት ድንቅር አለች። ይሄ አይሆንም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ ፀሐይ የምትመታው ጎኗ ብቻ ይበራል። ሙሉ ሆና የምትታየው ከፀሐይ ተቃራኒ ስትቆም ነው። ለዚህ ነው ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ እኩለ ሌሊት ላይ አናት የምትደርሰው። ፀሐይን ለመጋረድ ደግሞ በፀሐይና በእኛ መካከል መግባት አለባት። ያኔ የበራው ጎኗ ወደ ፀሐይ ነው፤ ወደኛ የዞረው ጨለማው ነው። ስለዚህ የፀሐይ ግርዶሽ በአዲስ ጨረቃ ቀን ብቻ ይሆናል። የጨረቃ ግርዶሽ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ብቻ ይሆናል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ አስማት ነው። አስማት ከሆነ ደግሞ አስማት መሆኑን ተጫዋቹ ይወቀው።

ትልልቆቹ ጌሞችም ይስታሉ። ማይንክራፍትን ተመልከቱ። እዚያ ፀሐይና ጨረቃ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ናቸው፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትጠልቃለች። እንደዚያ ከሆነ ጨረቃዋ በየሌሊቱ ሙሉ መሆን ነበረባት። እሷ ግን በየሌሊቱ እየተቀያየረች 8 መልክ ታሳያለች። ይህም ሆኖ ብዙ ሰው አያማርርም። የጨረቃዋ መልክ ሥራ ስላለው ይመስለኛል፤ ረግረግ ውስጥ የሚወጡት ስላይም የተባሉ ጭራቆች በሙሉ ጨረቃ ይበዛሉ፣ በአዲስ ጨረቃ አይመጡም። ሕጉ የተፈጥሮ ባይሆንም ሕግ ነው፤ ተጫዋቹ ይይዘዋል።

አሁን ወደ 10 ቀናችሁ። አትጣሏት። ግን የግርዶሹ ልክ አታድርጓት፣ የቀይዋ ጨረቃ ወር አድርጓት። ማለትም ቀይዋ በየ10 ቀኑ እኩለ ቀን ላይ አዲስ ትሆናለች፤ መሀል ላይ፣ በ5ኛው ቀን ገደማ፣ ሙሉ ናት። የኛ ጨረቃ ይህን ዙር በ29 ቀን ተኩል ትጨርሳለች።

እንግዲህ አዲስ ጨረቃ በየወሩ ካለ ግርዶሽ ለምን በየወሩ አይኖርም? የኛ ጨረቃ የምትሄድበት መንገድ ከፀሐይ መንገድ 5 ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘነብል ነው። ፀሐይም ጨረቃም ሰማይ ላይ የግማሽ ዲግሪ ስፋት ነው ያላቸው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጨረቃዋ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች አልፋ ትሄዳለች፤ ማንም አያያትም። ሁለቱ መንገዶች የሚቋረጡባቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። መሻገሪያ እንበላቸው። አዲስ ጨረቃ መሻገሪያ አጠገብ ከወደቀች ግርዶሽ አለ፤ ራቅ ካለች የለም። በምድር ላይ በዓመት ከ2 እስከ 5 የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ ሙሉ ግርዶሽ ለሚጠብቅ ሰው ግን አማካዩ 375 ዓመት ያህል ነው። ጌም ውስጥ ይህን ያህል የሚታገሥ የለም።

ታዲያ ቁጥሮቹን ለእናንተ ልክ እናድርጋቸው። ፀሐያችሁ 1 ዲግሪ ስፋት ይኑራት፤ ከእውነተኛው እጥፍ ነው፣ ግን በስክሪን ላይ ደስ ይላል። ቀይዋ 2 ዲግሪ ትሁን። የመንገዷን ዝንባሌ 5 ሳይሆን 2 ዲግሪ አድርጉት። ፀሐይ ከአንድ መሻገሪያ ተነስታ ወደዚያው የምትመለሰው በ130 ቀን ይሁን፤ ማለትም በ13 የቀይዋ ወር። በቀን 0 እኩለ ቀን ሁሉም ነገር መሻገሪያው ላይ ይጀምር።

ከዚህ በኋላ ኮዱ አንድ መስመር ነው። በየአዲስ ጨረቃው ፀሐይ ከመሻገሪያው ተጨማሪ 27.7 ዲግሪ ትርቃለች (360 ሲካፈል ለ13)። ቀይዋ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች የምትርቀው የዚያ ማዕዘን ሳይን በ2 ሲባዛ ነው። ውጤቱ ከግማሽ ዲግሪ ካነሰ ሙሉ ግርዶሽ ነው። ከ1.5 ካነሰ ከፊል ነው። ከዚያ ከበለጠ ምንም የለም።

አስልቼዋለሁ፣ ውጤቱ እኔንም አስደስቶኛል። በ10ኛው ቀን ቀይዋ ከፀሐይ ስፋት ከግማሽ ትንሽ በላይ ትነክሳለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም። 20፣ 30፣ 40 ምንም የለም። በ50ኛው ቀን ጠርዟን ትንሽ ትቆርጣለች። በ60ኛው ሙሉ ግርዶሽ! በ70ኛው ደግሞ ሌላ ሙሉ! በ80ኛው እንደገና የጠርዝ ቁራጭ ብቻ። ከዚያ እስከ 110 ድረስ ጸጥታ። በ120ኛው ከግማሽ በላይ ንክሻ። በ130ኛው ቀይዋ ልክ በፀሐይዋ መሀል ታልፋለች።

የ60ኛውና የ70ኛው ቀን ግርዶሽ ሙሉ ይባሉ እንጂ ለጥቂት ነው የሚያልፉት፤ ጨለማው በጌሙ ሰዓት 11 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ቀናችሁ 72 ደቂቃ ስለሆነ የጌሙ ሰዓት ከእኛ 20 እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚያየው 34 ሰከንድ ገደማ ነው። የ130ኛው ቀን ጨለማ ግን በጌሙ 40 ደቂቃ፣ በተጫዋቹ ሰዓት 2 ደቂቃ ሙሉ ይቆያል። ከመጀመሪያው ንክሻ እስከ መጨረሻው 6 ደቂቃ ነው። ለአንድ የቦስ (የዋና ጠላት) ውጊያ የሚበቃ ጊዜ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተጫዋቹን ዕድሜ አስቡ። አንድ ሰው ጌማችሁን 100 ሰዓት ቢጫወት፣ ሳይተኛ ሳይዘል፣ 83 ቀን ያያል። ማለትም የ50፣ የ60፣ የ70 እና የ80 ቀንን ሰማይ ያገኛል። 130ኛውን የሚያገኘው ሰማዩን ተከታትሎ፣ ቆጥሮ፣ ማደሪያ ቤት ገብቶ ቀን እየዘለለ የጠበቀ ነው። እኔ ብሆን ዋናውን በር ለእሱ ነበር የማስቀምጠው።

ቴራሪያ በተባለው ጌም የፀሐይ ግርዶሽ የሚመጣው በዕጣ ነው። ከሜካኒካል ቦሶቹ አንዱን ከገደላችሁ በኋላ፣ በየንጋቱ ከ20 አንድ ዕድል አለ። የጨረቃዋ መልክ ምንም ይሁን ምን ይመጣል። ለዚያ ጌም ይሠራል፤ ድንገት ተነስቶ መሮጥ ነው ጨዋታው። የእናንተ ግን ታሪክ ያለው ዓለም ነው። ታሪክ ባለበት ግርዶሽ ትልቁ ኃይሉ አስቀድሞ መታወቁ ነው። አንዱ የሚያውቅ፣ ሌላው የማያውቅ ሲኖር ካህኑ ይከበራል፣ ንጉሡ ይፈራል፣ ገበሬው ይታለላል።

የጥንት ሰዎች የግርዶሽን ዑደት ያገኙት ጨረቃ ላይ ሳይወጡ፣ እየጻፉ በመቁጠር ነው። ባቢሎናውያን 223 የጨረቃ ወር ሲያልፍ ግርዶሾች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል እንደሚመለሱ ያውቁ ነበር። ያ 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 1901 በግሪክ አንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ ከሰመጠ መርከብ የወጣው የነሐስ ማሽን ጀርባው ላይ የ223 ወር መቁጠሪያ አለው። በእጅ እየዘወርክ ግርዶሽ የምትተነብይበት ዕቃ! ለፋንታሲ ጌም ከዚህ የበለጠ ሀብት ፍለጋ ከየት ይመጣል? የእናንተ ዓለም ቁጥር 13 ነው። አንድ ፍርስራሽ ውስጥ 13 ጥርስ ያለው መንኮራኩር ቅበሩ። ሦስቱን ጥርስ ጥቁር፣ አራቱን ግማሽ ጥቁር ቀቡ። ማብራሪያ አትጻፉበት።

የሚያሰላውን ገጸ ባሕሪ ደግሞ ከሩቅ አታምጡት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የጨረቃን ዕድሜ የሚያወጡት ወንበሩን (ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከሚተርፈው አንድ የተቀነሰለትን ቁጥር) በ11 አባዝተው በ30 እየገደፉ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳውን እየጣሉ ነው፤ የተረፈው አበቅቴ ነው። ዑደቱ በ19 ዓመት ይመለሳል። ግርዶሽ ለመተንበይ የተሠራ ባይሆንም በዓላትንና አጽዋማትን ያወጣል፤ አካሄዱ ለጌም የተሰፋ ይመስላል። መሪጌታውን ተጫዋቹ ሲጠይቀው ቀኑን አይንገረው። አባዛዙንና አገዳደፉን ይንገረው። እሱ ራሱ ያውጣ።

ስለ ጨለማው ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ጌሞች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ነው። ግርዶሹ 50 በመቶ ሲደርስ ዓለሙን 50 በመቶ ያጨልሙታል። ዓይን እንዲህ አያይም። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ናት። 99 በመቶው ቢሸፈን እንኳ 1,000 ሉክስ ይቀራል፤ ቢሮ ውስጥ ካለው መብራት ይበልጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ አካባቢ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቀለበታዊ ግርዶሽ ነበር፤ ከፀሐይ ፊት ከ95 በመቶ በላይ ተሸፍኖ ሳለ ቀኑ አልመሸም። ደበዘዘ፣ ቀዘቀዘ፣ ቀለሙ እንግዳ ሆነ፤ ሌሊት ግን አልሆነም። ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን የመጨረሻዋ ጭላንጭል ስትጠፋ ብርሃኑ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ጥቂት ሉክስ ይወድቃል። ስለዚህ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ድረስ በዝግታ ቀንሱ፤ ከዚያ በአንዴ ጣሉት። ተጫዋቹ ከወንበሩ የሚነሳው ያኔ ነው።

በከፊል ግርዶሹ ቀኖች ግን ብዙ ተጫዋች ቀና ብሎ ካላየ ምንም አያውቅም። ይወቅ ከተባለ መሬቱን ተጠቀሙ። በቅጠሎች መሀል ሾልኮ ዛፍ ሥር የሚያርፈው ክብ ክብ ብርሃን እያንዳንዱ የፀሐይ ምስል ነው። ፀሐይ ስትነከስ እነዚያ ክቦች ሁሉ ማጭድ ይሆናሉ። በእውነተኛው ዓለም ወንፊት ወይም የተጠላለፈ ጣት እንኳ ይህን ያሳያል። ለሼደር (ለብርሃንና ለጥላ ኮድ) ባለሙያችሁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የሚያስገኘው አድናቆት ግን ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን ታጣላችሁ፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በምድር ሙሉ ግርዶሽ ጊዜ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ነጭ አክሊል ይታያል። ኮሮና የሚሉት ነው። የሚታየው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል፦ ፀሐይ በስፋት ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ትበልጣለች፣ በርቀትም እንዲሁ 400 እጥፍ ያህል ትርቃለች። ስለዚህ እኩል መስለው ይታዩናል፤ ጨረቃ ፀሐይን ብቻ ሸፍና አክሊሉን ትተዋለች። የእናንተ ቀይ ጨረቃ የፀሐይ እጥፍ ስለሆነች ደማቁን የአክሊል ክፍል ትውጠዋለች። ረጅም ጨለማ አግኝታችሁ አክሊሉን ሸጣችሁ ማለት ነው። እኔ በዚህ አልከፋም፤ ለጋኔን በር አክሊል የሌለው ድፍን ጥቁር ክብ ይሻላል።

ውበቱን ለነጯ ስጧት። 0.9 ዲግሪ ስፋት ይኑራት፤ ከፀሐይ ትንሽ ታንሳለች። ያኔ መሀል ለመሀል ስታልፍ እንደ ላሊበላው ቀለበት ታሳያለች። ወሯ 4 ቀን ይሁን። ፈጣን ናት፤ ቀለበቱ በተጫዋቹ ሰዓት 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይቆያል። ያመለጠው አመለጠው።

ማን በማን ፊት ያልፋል ለሚለው፣ እዚህ ምርጫ የላችሁም። አንድን ዓለም ከሚዞሩ ሁለት ጨረቃዎች ቀድማ ዙሯን የምትጨርሰው ቅርቧ ናት። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በፈረንጆቹ 1619 ያወጣው ሕግ ነው። ወራቸው 10 እና 4 ከሆነ፣ ቀይዋ ከነጯ 1.8 እጥፍ ያህል ርቃ ነው የምትዞረው። ስለዚህ ሁልጊዜ ነጯ በቀይዋ ፊት ታልፋለች። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ያው ልጅ ተመልሶ ይመጣል። ይህ እውነት ሲሆን ማየት ከፈለጋችሁ ማርስ ሁለት ጨረቃ አለው፤ ፎቦስና ዳይሞስ። ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ሮቦት በፈረንጆቹ 2013 ፎቦስ በዳይሞስ ፊት ሲያልፍ ከማርስ መሬት ላይ ሆኖ ቀርጾታል። በፈረንጆቹ 2022 ደግሞ ፐርሲቪራንስ የተባለው ሌላ ሮቦት ፎቦስ በፀሐይ ፊት ሲሮጥ ቀርጿል፤ 40 ሰከንድ ገደማ ነው የፈጀው፣ ቅርጹም የተገመጠ ድንች ነው። ፎቦስ ዙሩን የሚጨርሰው በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። ማርስ በራሱ ላይ ከሚሽከረከርበት ስለሚፈጥን በምዕራብ ወጥቶ በምሥራቅ ይጠልቃል። ነጯን እንደዚያ ለማድረግ ከፈተናችሁ እኔ አልከለክልም።

ነጯን መቼ እንደምታስጀምሩ ግን ተጠንቀቁ። ወሮቹ ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ የመነሻው ቀን ሁሉንም ይወስናል፤ አንዳንድ አሰላለፍ ለዘላለም ላይመጣ ይችላል። የጁፒተር ሦስት ጨረቃዎች፣ አዮ፣ ዩሮፓና ጋኒሜድ፣ ዙራቸው 1 ለ2 ለ4 ተቆላልፏል፤ በዚህ የተነሳ ሦስቱ ባንድ ጊዜ በአንድ ወገን አይሰለፉም። የእናንተ ነጭ በቀን 2 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አዲስ ትሁን፤ የመንገዷን ዝንባሌና መሻገሪያዋንም ከቀይዋ ጋር አንድ አድርጉት። ያኔ 130ኛው ቀን ላይ እንዲህ ይሆናል፦ ጠዋት 3 ሰዓት ነጯ ለ5 ሰከንድ ቀለበት ትሠራለች። እኩለ ቀን ላይ ቀይዋ መጥታ ሁሉን ታጠፋለች። ይህ ድርብ ግርዶሽ የሚደገመው ከ260 ቀን በኋላ ነው። በቀለበቱ የነቃ ተጫዋች ለመዘጋጀት የ3 ሰዓት የጌም ጊዜ አለው፤ በእሱ 9 ደቂቃ።

የጨረቃ ግርዶሽም ካሰባችሁ ለነጯ ነው የሚያምረው። ሙሉ ስትሆን የዓለማችሁ ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ የምትቀላውም በዓለሙ ዙሪያ ያለው አየር የንጋትና የምሽቱን ቀይ ብርሃን አጥፎ ስለሚልክላት ነው። ቀይዋ ቀድሞም ቀይ ስለሆነች ለውጡ አይታይም። ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ የተባለው፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣው የዜልዳ ጌም እኩለ ሌሊት ላይ ጨረቃውን አቅልቶ የተገደሉትን ጭራቆች ሁሉ ያስነሳል። ግርዶሽ ነው አይልም፤ ግን ሙሉ ጨረቃ አናት በምትደርስበት ሰዓት ስላደረገው ዓይን አያጉረመርምም። ነጯ ቅርብ ስለሆነች ከጥላው ማምለጥ ይከብዳታል፤ ቶሎ ቶሎ ብትቀላ አትደንግጡ። አዮ፣ ዩሮፓና ጋኒሜድ በየዙራቸው የጁፒተር ጥላ ውስጥ ይገባሉ።

ስካይቦክስን (የጌሙን የሰማይ ሥዕል) በተመለከተ ባጭሩ። ሰማዩ በማለቂያ የሌለው ርቀት ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ግርዶሹ ከካርታው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ይታያል። አትጨነቁ። በምድር የሙሉ ግርዶሽ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ የስካይሪም ካርታ ደግሞ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሁሉም ጥላው ውስጥ ነው። ይልቅ ጥላው ከምዕራብ ተነስቶ ተራራውን እየዋጠ ሲመጣ አሳዩ፤ በምድር ወገብ እንኳ በሰዓት 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፣ 6 ኪሎ ሜትር ካርታ በ13 ሰከንድ ያቋርጣል። ሌላው፣ በማጭዷ ጨረቃ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮከብ እንዳይታይ። ያ ክፍል ባዶ ቦታ አይደለም፤ ድንጋይ ነው።

«ፀሐያችን ኮከብ ሳትሆን ሌላ ነገር ብትሆንስ?» የምትሉ ከሆነ ምንም አይከፋም። በስካይሪም አፈ ታሪክ ፀሐይ አስማት የሚፈስበት ቀዳዳ ናት፤ ማግነስ የተባለው ሲሸሽ የቀደደው። ለዚህ ነው ዶውንጋርድ በተባለው የስካይሪም ተጨማሪ ክፍል ያለ ምንም ጨረቃ፣ በደም በተረገመ ቀስት ወግታችሁ ቀኑን ማጨለም የምትችሉት። በዚያ ዓለም ሕግ ትክክል ነው። የእኛም ሀገር የራሱ ሰማይ አለው። መጽሐፈ ሄኖክ፣ ሙሉ ጽሑፉ የቆየው በግዕዝ ብቻ የሆነው፣ ፀሐይና ጨረቃ በምሥራቅ 6 በሮች ወጥተው በምዕራብ 6 በሮች ይገባሉ ይላል፤ ዓመቱም 364 ቀን ነው። እኔ መሻገሪያ ያልኳችሁን ዲግሪ ሳትጠሩ በዚህ ልታስረዱ ትችላላችሁ፦ አዲሷ ጨረቃ ፀሐይ በወጣችበት በር ከወጣች ግርዶሽ ነው፣ በሌላ በር ከወጣች የለም። ተጫዋቹ ኮረብታ ላይ 6 የድንጋይ በሮች ያገኛል፤ በማለዳ ሄዶ ማን በየትኛው እንደወጣች ያያል። ከጀርባ ያለው ሒሳብ ግን ያው ሳይኑ ነው።

የባሕር ዳር ከተማ ካላችሁ ደግሞ አንድ የማታስደስት ነገር። የጨረቃ ማዕበል የመሳብ ኃይል ከሚታየው ስፋቷ ኩብ ጋር ያድጋል። የኛዋ ግማሽ ዲግሪ ናት፤ የእናንተ 2። በተመሳሳይ ድንጋይ ከተሠራች ባሕሩን 60 እጥፍ ገደማ ትስበዋለች፤ ከተማችሁ በየቀኑ ትሰጥማለች። ቀይዋ ውስጧ ባዶ ናት በሉ። ጋኔኖቹም የሚመጡበት ቦታ አገኙ።

በመጨረሻ፣ ድምፁንና ድባቡን የሚሠራው ሰው ከእናንተ መሀል ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027፣ እውነተኛውን ቢያይ ጥሩ ነው። የሙሉ ግርዶሹ መንገድ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በስፔንና በሰሜን አፍሪካ አድርጎ ሉክሶር አጠገብ 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በጂዳና በመካ፣ በየመንና በሶማሊያ ያልፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከፊል ነው። ጂዳ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው አይጠፋምና ስልካቸውን አስቀምጠው ከ5 ደቂቃ በላይ የሚቆየውን ጨለማ ድምፅ ይቅረጹላችሁ፤ ወፎቹን፣ ነፋሱን፣ የሰዉን ጩኸት። ጭላንጭሏ እስክትጠፋ ድረስ ግን በግርዶሽ መነጽር ብቻ ይመልከቱ፤ ተራው የፀሐይ መነጽር አያድንም።